ጠንካራ ካርታ ሲደርስህ፦ ኮል ወይስ ኦል-ኢን?

ጥያቄ፦ «ቴክሳስ ሆልደም ፖከር (ለእያንዳንዱ ሁለት የግል ካርታ፣ ለሁሉም አምስት የጋራ ካርታ ያለው ጨዋታ) መጫወት ከጀመርኩ አንድ ዓመት ሊሆነኝ ነው። ደካማ ካርታ ሲደርሰኝ ችግር የለብኝም፣ እጥላለሁ። የሚያደናግረኝ ጥሩው ነው። ባለፈው ብላይንዱ (ካርታ ሳይታይ በግዴታ የሚቀመጠው ቺፕ) 1 እና 2 በሆነ ጨዋታ 200 ቺፕ ይዤ ሁለት ኪንግ ደረሰኝ። 6 ብዬ ከፈትኩ፣ ሁለት ሰው ተከተለኝ። ፍሎፑ (የመጀመሪያዎቹ ሦስት የጋራ ካርታዎች) ላይ ኪንግ፣ 9 እና 8 ወጣ። 9ና 8ቱ ልብ ናቸው። አንዱ 15 አስያዘ፣ ሌላው ወጣ። እኔ እንዳይሸሽብኝ ብዬ ኮል አልኩ፣ ያስያዘውን ያህል ብቻ ከፈልኩ። ተርን (አራተኛው የጋራ ካርታ) ላይ የልብ 2 መጣ። 35 አስያዘ፣ አሁንም ኮል አልኩ። በሪቨሩ (በመጨረሻው፣ አምስተኛው ካርታ) የረባ ነገር አልመጣም። የቀረውን 144 በሙሉ አስገባ፣ ኮል አልኩት። ለካ ፍለሽ (አምስት አንድ ምልክት ያላቸው ካርታዎች) ሠርቶ ነበር። ተናድጄ በሚቀጥለው ቀን ሁለት ኤስ ሲደርሰኝ ገና ከመጀመሪያው 200ውን ኦል-ኢን አልኩ፣ ያለኝን በሙሉ አስገባሁ። ሁሉም ጣሉ፣ ያገኘሁት 3 ቺፕ ነው። አንዱ ጓደኛዬ ‹ጠንካራ እጅ ከያዝክ ሁሌም ኦል-ኢን፣ አለዚያ ይቀሙሃል› ይላል። ሌላው ‹ኮል እያልክ አጥምዳቸው› ይለኛል። ማን ነው ትክክል?»

ምላሽ፦

ሁለቱም ተሳስተዋል፣ ስህተታቸውም አንድ ነው። ሁለቱም የሚያዩት ያንተን ካርታ ብቻ ነው። ኦል-ኢን ከማለትህ በፊት መጠየቅ ያለብህ ግን ስለ ሌላው ሰው ነው። ከእኔ ያነሰ ምን ይዞ ሊከፍለኝ ይችላል? ቢያንስ ሁለት ሦስት ዓይነት እጅ መጥራት ካልቻልክ፣ ካርታህ የቱንም ያህል ቢያምር ቺፕህን አትግፋ።

«አለዚያ ይቀሙሃል» የሚለውን ቶሎ እናንሳውና እንለፈው። ፍለሽ የሚጠብቅ ሰው ጥሎ እንዲወጣ ለምን ትፈልጋለህ? እንዲከፍል ነው መፈለግ ያለብህ፣ ዋጋው ግን የሚያከስረው መሆን አለበት። ኦል-ኢን ብለህ ስታባርረው ከሽንፈት ብቻ አይደለም የዳንከው፣ ከትርፍህም ነው የተለየኸው። ደግሞ ኮልና ኦል-ኢን ብቻ አይደለም ያለህ። በመሃል ሬይዝ የሚባል፣ የተያዘውን ከፍ ማድረግ፣ አለ። በጥያቄህ ውስጥ አንድም ቦታ ስሙ አልተነሳም፣ የኪሳራህ ግማሹ እዚያ ነው ያለው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ኮል ለማለትና ኦል-ኢን ለማለት የሚያስፈልግህ ጥንካሬ እኩል አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሸወዳል።

ሪቨር ላይ ነህ እንበል። መሃል 100 ቺፕ አለ። ተጋጣሚህ 50 አስያዘ፣ አንተ 200 አለህ። ኮል ካልክ 50 አውጥተህ 150 ለማግኘት ነው የምትሞክረው። 50ን ለ200 ስታካፍል 25 በመቶ ይመጣል። ስለዚህ ከአራት አንዴ ካሸነፍክ ኮሉ አያከስርህም። ኦል-ኢን ላይ ግን ሌላ ፈተና አለ። የምትጨምረው 150 ቺፕ ሥራ የሚሠራው ሰውየው ሲከፍልህ ብቻ ነው። በከፈለህ ጊዜ ደግሞ ከግማሽ በላይ ማሸነፍ አለብህ።

በቁጥር እንየው። ይህ ሰው 50 ሊያስይዝባቸው የሚችሉ 20 እጆች አሉት እንበል። 8ቱ ያልሞላላቸው ባዶዎች ናቸው። 7ቱ ደህና ሆነው ካንተ ያንሳሉ። 5ቱ ይበልጡሃል። ከ20 በ15ቱ ትመራለህ ማለት ነው፣ 75 በመቶ። ብዙ ሰው ይህን አይቶ «ታዲያ ምን እጠብቃለሁ?» ይልና ይገፋል። ሲገፋ ምን ይሆናል? 8ቱ ባዶዎች ይጥላሉ። ከእነሱ የምታገኘው ኮል ብትልም ያው ነበር። ከ7ቱ 4ቱ ፈርተው ይጥላሉ፣ 3ቱ ይከፍላሉ። የሚበልጡህ 5ቱ ግን ሁሉም ይከፍላሉ፣ ያውም እየሳቁ። በተከፈለህ 8 ጊዜ የምታሸንፈው 3ቱን ብቻ ነው። ኮል ብትል በአማካይ 100 ቺፕ ታተርፍ ነበር፣ ኦል-ኢን ስትል 85 ነው። አሸናፊ ሆነህ ሳለ 15 ቺፕ ሜዳ ላይ በተንክ።

ራስህ ወረቀት ላይ ቁጥሮቹን እየቀያየርክ ሞክረው። ከ7ቱ 3 ሳይሆን 6 የሚከፍሉህ ከሆነ ውጤቱ ይገለበጣል፣ ኦል-ኢን ይሻላል። ሁሉንም የሚከፍል ሰውና በቀላሉ የማይከፍል ሰው ፊት የያዝከው ካርታ ያው ሆኖ ውሳኔህ የሚለያየው ለዚህ ነው። በተቃራኒው ሪቨር ላይ ምንም የማይበልጠው እጅ ይዘህ የመጨረሻው ተናጋሪ ከሆንክ ኮል የሚባል ነገር የለም። ሬይዝ ወይም ኦል-ኢን ነው፣ የምታጣው ነገር የለማ።

እንግዲህ ወደ ሁለቱ ኪንጎችህ እንመለስ። ፍሎፑ ላይ ሦስት ኪንግ ነበረህ፣ ከዚያ የሚበልጥ እጅ በዚያች ሰዓት አልነበረም። ግን ሁለቱ ኪንግ አንተ ጋ፣ አንዱ መሃል ነው። የቀረው አንድ ኪንግ ብቻ ነው። ይህ ሰው ኪንግ ይዞ የመከተሉ ዕድል ጠባብ ነበር። ለትልቅ ኦል-ኢን የሚከፍሉ የሠሩ እጆች ሁለት 9፣ ሁለት 8፣ ወይም 9ና 8 ናቸው፣ ተደምረው 15 ጥምረት። የቀረው በአብዛኛው ፍለሽ ወይም ስትሬት (አምስት ተከታታይ ካርታ) የሚጠብቅ ነው። መሃል ያለው 34 ቺፕ ሆኖ 194 ብትገፋበት አብዛኛው ላሽ ይላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጓደኛህ ምክር እዚህም አይሠራም ነበር።

ኮልህ ግን ከዚያ የተሻለ አልነበረም። ሰውየው ዋጋውን ራሱ ቆረጠ፣ አንተም «እሺ» ብለህ ተቀበልክ። መደረግ የነበረበት ወደ 50 ሬይዝ ነው። ያኔ 35 ጨምሮ ነው የሚቀጥለው፣ ፖቱም (መሃል የተሰበሰበው ቺፕ) 119 ይሆናል። 35 ለ119 ሲካፈል 29 በመቶ ነው። ከፍሎፕ ተነስቶ በሁለት ካርታ ፍለሽ የመሙላት ዕድል 35 በመቶ እንደሆነ ብዙ ሰው በቃሉ ያውቃል። ይህ ቁጥር ግን ሦስት ኪንግ ፊት አይሠራም። መሃሉ ላይ አንድ ጥንድ ከወጣ አንተ ፉል ሃውስ (ሦስት አንድ ዓይነትና አንድ ጥንድ፣ ከፍለሽ የሚበልጥ) ትሆናለህ፣ ፍለሹ ቢሞላም አይጠቅመውም። እውነተኛው የማሸነፍ ዕድሉ ከአራት አንድ ገደማ ነው። በ29 ዋጋ 25 እየገዛ ነው እንግዲህ።

ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ትልቁ ትርፍ ያለው የሚቀጥለው ካርታ ላይ ነው። ፖቱ 119 ደርሶ ያንተ ቀሪ 144 ነው። ተርኑ ልብ ካልሆነ 144ቱን ትገፋለህ። አሁን ኦል-ኢኑ ቦታውን አገኘ። እሱ 144 ከፍሎ 263 ለማግኘት ይሞክራል፣ ለዚህ 35 በመቶ ያስፈልገዋል። በአንድ ካርታ የመሙላት ዕድሉ ግን ከ20 በመቶ በታች ነው። ከከፈለ ከባድ ስህተት ሠራ፣ ካልከፈለ 119ኙን ወሰድክ።

«ያንተ ተርን ላይ ግን ልብ መጣ» ትለኛለህ። ልክ ነህ። በዚያ ቀን ትክክል ብትጫወትም ልትሸነፍ ትችል ነበር። የሌላው ካርታ መሙላቱ አንተ ለመሳሳትህ ማስረጃ አይሆንም፣ ያለመሙላቱም ትክክል ለመሆንህ። ይህን መለየት እስክትለምድ ድረስ አንድ ቀን ኮል፣ አንድ ቀን ኦል-ኢን እያልክ ከንዴትህ ጋር ትዋዥቃለህ። የኤሶቹ ነገር የመጣውም ከዚያ ነው።

ሪቨር ላይ ያልከው 144 ኮልስ? ያው 35 በመቶ ያስፈልግህ ነበር፣ ሊበልጥህ የሚችለው ደግሞ ፍለሽ ብቻ ነው። ሦስት ጊዜ ተከታትሎ አስይዞ በመጨረሻ ከፖቱ በላይ የሚያስገባ ሰው፣ ብለፍ (በባዶ እጅ ማስፈራራት) ሲያበዛ ካላየሁት በቀር እኔ እጥልለታለሁ። ይህ የእኔ ፍርድ ነው። ሌላ ጥሩ ተጫዋች ኮል ቢል አልከራከረውም።

ሁለቱን ኤስ በተመለከተ፣ ሁለት ኤስ የሚደርስህ በአማካይ ከ221 አንዴ ነው። አንድ የዘፈቀደ እጅ ላይ 85 በመቶ ያህል ያሸንፋል። ታዲያ ይህን ይዘህ 3 ቺፕ ለማግኘት 200 ገፋህ። ጥንቁቅ ሰው ለዚያ የሚከፍለው ሁለት ኤስ፣ ሁለት ኪንግ፣ ሁለት ኩዊን፣ ወይም ኤስ ከኪንግ ጋር ይዞ ነው። አንተ ሁለቱን ኤስ ይዘህ ከቀሩት 1,225 ጥምረቶች እነዚህ 21 ብቻ ናቸው፣ ከሁለት በመቶ በታች። ስምንት ተጋጣሚ ቢኖርህ እንኳ ከስምንት ጊዜ ሰባቱን ማንም አይከፍልህም።

ሌላኛው ጓደኛህ ይህን ሰምቶ ደስ እንዳይለው። ኤሶቹን ደብቆ ኮል ማለትም ሌላ ጣጣ አለው። አራት ሰው ተከትሎህ ከገባ የማሸነፍ ዕድልህ ወደ 56 በመቶ ይወርዳል። ከአምስት ሰው መሃል 56 መጥፎ አይደለም። ችግሩ ከፍሎፕ በኋላ ይመጣል። አንድ ጥንድ ይዘህ፣ አራት ሰው ፊት ለፊትህ፣ ማን ምን እንደያዘ ፍንጭ የለህም። አንዱ ሬይዝ ሲያደርግህ መጣሉም መክፈሉም ያምማል።

ከዚህ ሁሉ በፊት የሚቆጠር አንድ ቁጥር አለ፦ የቀረህ ቺፕ ከፖቱ አንጻር። ሁልጊዜ ካንተና ከተጋጣሚህ ያነሰ የያዘውን ነው የምትቆጥረው። አንተ 200፣ እሱ 60 ካለው ጨዋታው የ60 ነው። ቀሪው የፖቱን ሦስት እጥፍ ወይም ከዚያ በታች ከሆነና አንተ ከፍሎፑ ካርታዎች ሁሉ የሚበልጥ ጥንድ ወይም ከዚያ የተሻለ ካለህ፣ ብዙ አትጨነቅ፣ ቺፑ ይግባ። ቀሪው የፖቱን አሥር እጥፍ ካለፈ ግን አንድ ጥንድ፣ ኤስም ይሁን፣ ሁሉንም የሚያስገባ እጅ አይደለም። ያን ሁሉ ቺፕ በደስታ የሚከፍልህ ሰው ብዙውን ጊዜ ሦስት አንድ ዓይነት ወይም ሁለት ጥንድ ይዟል። የሦስቱ ዓይነት ጉዳይ ከሆነ ደግሞ ከፍሎፕ ተነስቶ ኤስህ የሚያመልጥበት ዕድል ከአሥር አንዴ እንኳ አይሞላም። በመሃል ያለው እንደ ሰውየውና እንደ ካርታው ነው፣ ቀመር አልሰጥህም።

ቺፕህ ሲያንስ ነገሩ ይቀላል። 12 ብላይንድ (የትልቁ ብላይንድ 12 እጥፍ) ቀርቶህ፣ አንዱ በ2.5 ብላይንድ ከፍቶ፣ አንተ ሁለት ጃክ ካለህ ኦል-ኢን በል። ኮል ብትል ካለህ አንድ አምስተኛው ይወጣል። ከዚያ ፍሎፑ ላይ ከጃክ የሚበልጥ ቢያንስ አንድ ካርታ የመውጣቱ ዕድል 57 በመቶ ነው። በአብዛኛው ፍሎፑን አይተህ ትፈራለህ ማለት ነው። አሁኑኑ ስትገፋ ግን ኤስ ከ10 ጋር ይዞ የከፈተው ሰው ሊጥል ይችላል። ያን እጅ ማስጣል ቀላል ትርፍ አይደለም።

ኤስና ኪንግ ይዘህም እንደዚሁ ነው። ሰው ሲያየው ያምራል፣ ገና ጥንድ አልሆነም ግን። ከሦስት ፍሎፕ ሁለቱ ላይ ምንም አያገኝም። ኮል ብለህ ፍሎፑ ካለፈህ ትጥላለህ። ቺፕህ ትንሽ ሆኖ ኦል-ኢን ካልክ አምስቱንም ካርታ ታያለህ። ሁለት ኩዊን ቢገጥምህ እንኳ ከ43 እስከ 46 በመቶ ዕድል አለህ። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ፦ ኦል-ኢን ማለትና ለኦል-ኢን ኮል ማለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ራስህ ስትገፋ ማሸነፊያህ ሁለት ነው፣ ወይ ይጥሉልሃል ወይ ካርታህ ይመጣልሃል። ኮል ስትል አንዱ ብቻ ነው የቀረህ። ስለዚህ ልትገፋበት የምትችለውን እጅ ሁሉ ይዘህ ለሌላው ኦል-ኢን አትክፈል።

ኮል ትክክለኛ የሚሆንባቸው ጊዜያትም አሉ፣ የሁለተኛው ጓደኛህ ምክር ከንቱ እንዳይመስል። ሁለት ኤስ ይዘሃል። ፍሎፑ ኪንግ፣ 7፣ 2፣ ሦስቱም የተለያየ ምልክት። የምትናገረው ከሱ በኋላ ነው። ሰውየው ማስያዝ የሚወድ፣ ባዶ እጁን የሚያስፈራራ ዓይነት ነው። ሬይዝ ብታደርግ ባዶውን ያስጥለዋል፣ ሁለት 7 የያዘው ግን ይቀጥላል። የሚያስፈራ ካርታ የሚመጣበት መንገድም ጠባብ ነው። ኮል በለውና ይቀጥል። ልዩነቱን ልብ በል፦ ያንተ ኪንግ፣ 9፣ 8 በሁለት ልብ ግን ለማጥመድ የሚሆን ፍሎፕ አልነበረም። ከሚመጡት ካርታዎች አንዳንዶቹ ያንተን ትርፍ ይበላሉ፣ ሌሎቹ ደግሞ የሱን ፍላጎት ያጠፋሉ። ወጥመድ የሚዘረጋው ደረቅ፣ ማለትም ፍለሽም ስትሬትም የማይጠበቅበት ፍሎፕ ላይ ነው።

ውድድር ላይ የምትጫወት ከሆነ ከላይ ካልኩት ላይ አንድ ነገር ቀንስ። እዚያ የምታጣው ቺፕ ዋጋ ከምታገኘው ቺፕ ዋጋ ይበልጣል፣ በተለይ ሽልማት የሚጀምርበት ደረጃ ሲቃረብ። ስለዚህ ለኦል-ኢን ኮል ማለት የበለጠ ጥንካሬ ይጠይቃል። የመጀመሪያዎቹ ጥቂቶች ሁሉ እኩል ሽልማት በሚያገኙበት ውድድር ጭራሽ ሁለት ኤስ መጣል ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሰው ሲሰማው ይስቃል፣ ሂሳቡ ግን እውነት ነው። አንድ ሰው ከወደቀ ሁላችሁም የምታልፉ ከሆነና አንተ ብዙ ቺፕ ካለህ፣ በኤስ 15 በመቶ የመውደቅ አደጋ ለምን ትገባለህ?

እንግዲህ ገደቡን ልንገርህ። የጻፍኩልህ በመቶኛ አብዛኛው የቆመው «ይህ ሰው ምን ምን ሊይዝ ይችላል» በሚለው ግምት ላይ ነው። ሂሳቡ አይሳሳትም፣ ግምትህ ግን ይሳሳታል። ለሁለት ሰዓት ዝም ብሎ ካርታ ሲጥል የነበረ ሰው ድንገት ሪቨር ላይ ሬይዝ ካደረገህ ቀመሩን ተወውና ጥንድህን ጣል። ግምቱ ትክክል ቢሆን እንኳ ውጤቱ የሚታየው በብዙ ሺህ እጅ ነው። ለዚህም ነው ለአንድ ጠረጴዛ የምታወርደውን ቢያንስ 20 እጥፍ ለጨዋታ ብቻ የለየኸው ገንዘብ ከሌለህ ዝቅ ወዳለ ብላይንድ ውረድ የምለው። ለኑሮ የሚያስፈልግህ ገንዘብ ከሆነማ ጭራሽ አትቀመጥ። ከተሸነፍክ በኋላ ደግሞ፣ እንደዚያ ቀን፣ ንዴትህ ካልበረደ ተነስ።

ምክሬ ይኸው ነው። ከፍሎፕ በፊት ብዙ ቺፕ ካለህ ጠንካራ እጅህን በሬይዝ ክፈት፣ ኦል-ኢን አትበል። ከ15 ብላይንድ በታች ከሆንክና ሌላ ሰው ከፍቶብህ ከሆነ ግፋ። ፍሎፕ ላይ ፍለሽና ስትሬት የሚጠበቅበት ከሆነ ሬይዝ አድርገህ ፖቱን አሳድግ፣ ኦል-ኢኑን ቀሪህ ከፖቱ ጋር እስኪቀራረብ አቆየው። ፍሎፑ ደረቅ ሆኖ ሰውየው ራሱ እያስያዘልህ ከሆነ ኮል በል። ሪቨር ላይ ከከፈሉህ ውስጥ ከግማሽ በላይ የምታሸንፍ ካልመሰለህ ኮል ብለህ አቁም።

ሁለት ኤስ እንደገና ሲደርስህ 6 ብለህ ክፈት። አንዱ መልሶ 20 ካለህ 55 ወይም 60 በለው። ከዚያ በላይ ወጥቶ 200 ከገፋ ሳታመነታ ኮል በል። ያኔም 200ህ መሃል ገብቷል፣ በዚህኛው ግን የሚከፍልህ ሰው አለ።